ከዜጋ ጋር ተጋብቻለሁ፤ ግሪን ካርድ ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለብኝ?

ጥያቄው፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በመስከረም 2022 በጉብኝት ቪዛ ገባሁ፤ የተሰጠኝ የስድስት ወር ጊዜ ሲያልቅ አልተመለስኩም። በሐምሌ 2024 የአሜሪካ ዜግነት ካለው ኢትዮጵያዊ ጋር ሮክቪል በሚገኘው ፍርድ ቤት ተጋባን። ባለቤቴ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ሹፌር ነው። ማመልከቻውን ልናስገባ ስንል ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረናል። አንዱ ‹ቪዛሽ ያለፈ ስለሆነ እዚህ ሆነሽ አይሆንም፤ አዲስ አበባ ሄደሽ በኤምባሲው ጨርሺ› ይላል። ሌላው ‹ዜጋ ካገባሽ ማንም አይነካሽም› ይላል። እናቴ ስለታመመች ሄጄ ባያት ደስ ይለኛል። ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፦ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን በቁርባን አግብቼ ነበር፤ በክብር መዝገብ አልተመዘገበም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽማግሌዎች ተለያየን፤ እሱም አሁን ሌላ ቤተሰብ አለው። ለጉብኝት ቪዛ ሳመለክት ፎርም የሞላልኝ ሰው ‹ባለትዳር በይ፤ ቪዛው ይቀልልሻል› ስላለኝ እንደዚያው ተሞላ። ይህ ውሸት ይዞኝ ይቀር ይሆን? አሁን ፎርሙን የሚያዘጋጅልን የባለቤቴ ዘመድ ‹ያልተመዘገበ ትዳር ትዳር አይደለም፤ አታንሺው› ብሎ ከዚህ በፊት እንዳላገባሁ አድርጎ ሞልቶታል። በዚህ ሳምንት ልንፈርም ነው።»

መልስ፦ አትፈርሙ። ወደ ቪዛውና ወደ ጉዞው እመለሳለሁ፤ ነገር ግን ያስጨነቀዎት ጉዳይ በአብዛኛው መፍትሔ ያለው ሆኖ ሳለ፣ እንደ ቀላል ነገር ያለፉት ጉዳይ ግን መላ ማመልከቻውን ሊጥል የሚችል ነው። ችግሩ ያለው ከ2008ቱ ትዳር ላይ ነው።

«ያልተመዘገበ ትዳር ትዳር አይደለም» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ሕግ ስሕተት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ በሦስት መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት። ሦስቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ምዝገባ ግዴታ ቢሆንም አገልግሎቱ ጋብቻውን ማስረዳት ነው፤ ስላልተመዘገበ ብቻ በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ እንዳልነበረ አይቆጠርም። ስለዚህ እርስዎ በ2008 ዓ.ም. በሕግ የታወቀ ትዳር መሥርተዋል።

ታዲያ ያ ትዳር ፈርሷል? ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ንብረት ተካፍላችሁ፣ በሰላም ተለያይታችሁ ይሆናል። በድሮው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ዳኞች ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው፤ አሁንም ብዙ ቤተሰብ «በሽማግሌ ተፋቱ» የሚለው ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። የ1992ቱ ሕግ ይህን ሥልጣን ከእነርሱ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። ተጋቢዎቹ በስምምነት ቢለያዩ እንኳ ስምምነቱን ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። ሽማግሌዎች ማስታረቅ ይችላሉ፤ ማፋታት ግን አይችሉም። በእጅዎ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሌለ፣ በወረቀት ደረጃ ዛሬም የመጀመሪያው ሰውዬ ሚስት ነዎት።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለቤትዎ የሚያስገቡት አይ-130 የተባለው ቅጽ የሁለታችሁንም የቀድሞ ትዳር ብዛት፣ የቀድሞ ተጋቢዎችን ስምና ትዳሩ ያበቃበትን ቀን ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱም የፍቺ ወይም የሞት ማስረጃ ይፈለጋል። የሜሪላንድ ሕግ በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው የሚፈጽመውን ሁለተኛ ጋብቻ ከመነሻው ዋጋ እንደሌለው ይቆጥራል። እንግዲህ የ2024ቱ የሮክቪል ጋብቻ፣ ፍቅሩ እውነተኛ ቢሆንም፣ ግሪን ካርድ ሊሸከም የሚችል ጋብቻ አይደለም።

«ማን ያውቃል?» የሚል ካለ፣ መልሱ «እርስዎ ራስዎ ነግረዋቸዋል» የሚል ነው። ለጉብኝት ቪዛ የሞሉት ፎርም በመንግሥቱ የመረጃ ቋት ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ባለትዳር ተብለዋል፤ ምናልባትም የባልዎ ስም ተጽፏል። የግሪን ካርዱን ጉዳይ የሚያየው መኮንን ያንን ፋይል ከፊቱ ዘርግቶ ነው የሚያነጋግርዎ። አሁን «ከዚህ በፊት አላገባሁም» ብለው ቢፈርሙ ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆን አለበት። የሚገርመው፣ እንደ ውሸት የቆጠሩት የቪዛው መልስ በሕግ ዓይን እውነት ነበር፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ባለትዳር ነበሩ። ዘመድ ያዘጋጀው አዲሱ ፎርም ነው ሐሰተኛው። ከመጀመሪያው ባልዎ ጋር በሰላም አብረው እንደሚኖሩ፣ ልጆች እንዳሏችሁ ወይም ደመወዙ ይህን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር በቪዛው ፎርም ወይም በኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ላይ ተጨምሮ ከነበረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ለጠበቃዎ ሳይደብቁ ይንገሩ። ቪዛ ለማግኘት በመሠረታዊ ነገር ላይ ሆን ተብሎ የተነገረ ሐሰት ዕድሜ ልክ የሚያግድ ነው፤ ይቅርታ ሊጠየቅበት የሚችለውም ዜጋው ባልዎ ላይ ከባድ ችግር እንደሚደርስ በማስረጃ ሲታይ ነው።

መፍትሔው ፍቺ ነው፤ እውነተኛ ፍቺ፣ በፍርድ ቤት፣ ውሳኔው በእርግጥ የተሰጠበትን ቀን የያዘ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዲስ አበባ ላይ፣ የቀድሞው ባልዎ ወይም እርስዎ በወኪል በኩል የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ ነው። ዋሽንግተን ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ማስፈጸም ይቻላል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ በእርግጥ መፋታት እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ማነጋገር ስለሚሻ፣ እርስዎ በሌሉበት ነገሩ ሊጓተት ይችላል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጥልዎ መንገድ በሜሪላንድ መፋታት ነው። ጋብቻው የተፈጸመው በኢትዮጵያ መሆኑ አያግድም። ከተጋቢዎቹ አንዱ በግዛቱ ቢያንስ ለስድስት ወር ከኖረ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ፍቺውን ማየት ይችላል። ከጥቅምት 2023 ጀምሮም የግዛቱ ሕግ ቀሏል፦ በስምምነት መፋታት፣ ስድስት ወር ተለያይቶ መኖር ወይም ሊታረቅ የማይችል አለመግባባት ይበቃል። የቀድሞው ባልዎ የራሱን ቤተሰብ ስለመሠረተ ለእሱም ይጠቅመዋል፤ የስምምነቱን ሰነድ አዲስ አበባ ሆኖ ፈርሞ ቢልክ ነገሩ በጣም ይፈጥናል። ባይተባበር እንኳ ክሱ በሥርዓቱ ከደረሰው ፍርድ ቤቱ መወሰን ይችላል።

ፍቺው ሲያልቅ ከአሁኑ ባለቤትዎ ጋር እንደገና ትጋባላችሁ፤ አዲስ ፈቃድ አውጥታችሁ፣ አዲስ ሥነ ሥርዓት ፈጽማችሁ። የፍቺው ወረቀት የ2024ቱን ጋብቻ ወደ ኋላ ሄዶ አያድነውም። ድግስ አያስፈልግም፤ ለሕጉ ፈቃዱና አጭር ሥነ ሥርዓት ይበቃዋል። አንዳንድ ጠበቆች የመጀመሪያውን የሮክቪል ጋብቻ ዋጋ እንደሌለው በፍርድ ቤት አስወስነው መቀጠልን ይመርጣሉ፤ ያ የጠበቃዎ ምርጫ ነው። በ2024 ለጋብቻ ፈቃድ ስታመለክቱ ስለ ቀድሞ ትዳር የሰጡት መልስም በመሐላ ስር ስለነበረ፣ ይህን ጉዳይ በቡና ላይም ሆነ በማኅበራዊ መገናኛ አይዘርዝሩት። ለጠበቃ የሚነግሩት ምስጢር ሆኖ ይቆያል፤ ለወዳጅ የተነገረው ግን እንደዚያ አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎች ይመጡብዎታል። አንዱ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ «ያላገባች» የሚል ማስረጃ በገንዘብ ማውጣት ነው። ሌላው፣ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ የፍቺ ውሳኔ ማሠራት ነው። ሁለቱንም የሚያቀርብልዎ ሰው አይጠፋም፤ ዋጋውም ከጠበቃ ዋጋ ያንሳል። በአዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሰነዱን ወደ ወጣበት ፍርድ ቤት ልኮ ማረጋገጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ሰነድ ፋይልዎ ውስጥ ከገባ፣ እውነተኛው ትዳርዎም ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ዘመን ተለያይተው ሌላ ሕይወት በመሠረቱ ተጋቢዎች ጉዳይ ትዳሩ በተግባር እንደፈረሰ የቆጠረበት ውሳኔ መኖሩን የሚጠቅስልዎ የሕግ ሰውም ይኖር ይሆናል። ውሳኔው አለ፤ ግን የንብረት ክርክር ለመፍታት የተሰጠን አስተያየት ይዞ አንድ የአሜሪካ መኮንን ፊት መቆም ቁማር ነው። ንጹሕ ፍቺ ማግኘት እየቻሉ ቁማር አይጫወቱ። የቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከነፍስ አባትዎ ጋር የሚያልቅ ነው፤ ኢሚግሬሽን ስለ እሱ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቪዛው። ያለፈ ቪዛ ያለው ሰው እዚህ ሆኖ ግሪን ካርድ ማግኘት አይችልም የተባለው ለእርስዎ አይሠራም። የአሜሪካ ዜጋ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ «የቅርብ ቤተሰብ» በሚባለው ክፍል ይመደባሉ፤ ለእነርሱ ዓመታዊ ኮታ የለም፣ ወረፋም የለም። ሕጉ በተጨማሪ፣ በሕጋዊ በር ተፈትሸው የገቡ የቅርብ ቤተሰቦች የፈቃድ ጊዜያቸው ቢያልፍም፣ ያለ ፈቃድ ሠርተው ቢሆንም፣ ከአገር ሳይወጡ ወደ ቋሚ ነዋሪነት እንዲሸጋገሩ ይፈቅዳል። የእርስዎ ዋና ንብረት በ2022 በአውሮፕላን ማረፊያ በመኮንን ፊት ቀርበው መግባትዎ ነው። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና አይ-94 የተባለውን የመግቢያ መዝገብ ቅጂ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁ።

ይህ ምሕረት ሁለት ወሰን አለው። ባልዎ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያለፈው ጊዜ አይታለፍልዎትም ነበር። እንዲሁም በብራዚልና በኮሎምቢያ ጫካ አቋርጠው፣ በሜክሲኮ ድንበር ሳይፈተሹ የገቡ ብዙ ወገኖቻችን ዜጋ ቢያገቡም በአብዛኛው እዚህ ሆነው መጨረስ አይችሉም፤ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ሕግ የሚመራ ስለሆነ የእርስዎን መልስ ወስደው ለራሳቸው እንዳይጠቀሙበት። ይህን የምለው ምክር ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ጉዳዩ ማን ላይ እንደነበረ ስለሚረሳ ነው። ድንበር የተሻገረው ሰው ምክር ለእርስዎ ተነግሮ፣ የእርስዎ ደግሞ ለእርሱ ይነገራል።

ሥራን በተመለከተ አንድ ነገር ይመርምሩ። ያለ ፈቃድ መሥራት ይታለፋል፤ አሠሪ በሚያስሞላው አይ-9 ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ግን አይታለፍም። ለዚህ ጥፋት በተግባር ይቅርታ የሚባል የለም። ሰው ሳያነብ ምልክት አድርጎ ያልፋል፤ ከዓመታት በኋላ በቃለ መጠይቁ ላይ ይጠየቃል። አስታውሱ፤ ከተደረገ ከማመልከትዎ በፊት ጠበቃዎ ይወቀው።

ወደ አዲስ አበባ ሄደው በኤምባሲ ይጨርሱ የሚለው ምክር ግን ከሁሉም የከፋው ነው። ፈቃድዎ ያበቃው በመጋቢት 2023 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ቆይተዋል። በአሜሪካ ሕግ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቆየ ሰው ከወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ አሥር ዓመት ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ይታገዳል። ይህ ቅጣት የሚጀምረው ሲወጡ ነው። እዚህ እስካሉ ድረስ ተኝቶ የሚጠብቅ ቅጣት ነው፤ ከአሜሪካ ሲወጡ ይነቃል። ይቅርታ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ፤ ሆኖም ሳይወጡ ማግኘት የሚችሉትን ነገር ወጥተው ለመለመን ምክንያት የለም።

«ዜጋ ካገባሽ ማንም አይነካሽም» የሚለው ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ነው። ጋብቻ በራሱ ምንም ዓይነት የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ጥበቃ የሚጀምረው ማመልከቻው ለመታየት ሲገባ ነው፤ ያም ቢሆን ሙሉ ጥበቃ አይደለም። ከየካቲት 2025 ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ፣ ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበትና ሌላ ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንዲመራ ያዝዛል። በ2025 መጨረሻ ላይም የፈቃድ ጊዜያቸው ያለፈ የዜጋ ትዳር ጓደኞች ለግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ በቀረቡበት ቦታ መታሰራቸው ከካሊፎርኒያ ተዘግቧል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራዎ አይደለም፤ ዛሬ ደካማ ማመልከቻ ማስገባት እንደ ድሮው «ካልሆነ እንደገና እንሞክራለን» የሚባልበት ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ፍቺ የሌለበት ማመልከቻ በእርግጠኝነት ደካማ ነው። ቃለ መጠይቁ ሲደርስም ያለ ጠበቃ አይግቡ።

ፍቺውና አዲሱ ጋብቻ ካለቁ በኋላ ያለው ሥራ የታወቀ ነው። ባለቤትዎ አይ-130ን፣ እርስዎ የግሪን ካርድ ማመልከቻ የሆነውን አይ-485ን በአንድ ላይ ታስገባላችሁ። ከሚያዝያ 2024 በተሠራው ተመን የመጀመሪያው በወረቀት 675 ዶላር፣ ሁለተኛው 1,440 ዶላር ነው፤ የሥራ ፈቃድ አብሮ ከተጠየቀ ሌላ 260 ዶላር ይጨመራል። ተመኑ ስለሚለዋወጥ በምታስገቡበት ሳምንት የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ተመልከቱ። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የሕክምና ምርመራው ውጤት ከማመልከቻው ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ ምርመራው የሚደረገው መሥሪያ ቤቱ በፈቀደለት ሐኪም ብቻ ሲሆን ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ይሰጥዎታል፤ ፖስታውን አይክፈቱት።

የባለቤትዎ ገቢ የብዙ ሹፌሮች ራስ ምታት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዜጋው ባል በአይ-864 ቅጽ ሚስቱን እንደሚደግፍ ቃል ይገባል፤ ገቢውም ቢያንስ የድህነት ወለሉን 125 በመቶ መሆን አለበት። በ2025 ስሌት ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ 26,437 ዶላር ነበር። «ባለቤቴ በዓመት ስልሳ ሺህ ያገባል» የሚሉ ሚስቶች ይገጥሙኛል፤ ግብሩን ስናይ አሥራ ስምንት ሺህ ሆኖ እናገኘዋለን። ምክንያቱ በመተግበሪያ የሚሠራ ሹፌር በየማይሉ ወጪ ስለሚቀንስ ነው፤ በ2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ በ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም። ግብር ለመቀነስ ጥሩ ነው፤ ለኢሚግሬሽን ግን የሚቆጠረው የተቀነሰው ገቢ ነው። ገቢው ካልበቃ፣ ተጨማሪ ድጋፍ ሰጪ የሚሆን ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መጨመር ይቻላል። ለዚያ ሰው እውነቱን ንገሩት፦ ፊርማው ውል ነው። የሚያበቃው እርስዎ ዜጋ ሲሆኑ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ሲቆጠሩልዎ፣ ከአገር ለቀው ሲወጡ ወይም ሞት ሲመጣ ነው። ፍቺ አያበቃውም። ዘመድ «ስም ብቻ ነው» ተብሎ ከፈረመ በኋላ ሲያውቅ የሚፈጠረውን ቂም አይቻለሁ።

ግብር ካነሣን፣ ለ2024 ከባለቤትዎ ጋር በአንድነት እንደ ባልና ሚስት አሳውቃችሁ ከሆነ፣ ያ ጋብቻ ዋጋ ስለሌለው የተሰጠው የግብር ማስታወቂያ መስተካከል አለበት። ይህን የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃዎ ተነጋግረው ያድርጉት።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት ለእናንተ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ያም ሆኖ የሐበሻ ቤት አኗኗር ወረቀት የማይተው ነው። ኪራይ በባል ስም፣ ስልክ በዘመድ ጥቅል፣ ቁጠባ በዕቁብ። ዕቁብ ለማንም መኮንን አይታይም። ዛሬውኑ የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና በእውነት ተጠቀሙበት፤ ስምዎ በኪራይ ውሉ ላይ ይግባ፤ የመኪናና የጤና መድን ሁለታችሁንም ይያዝ። የሠርግ ፎቶ ብዛት ያን ያህል አያሳምንም። ሁለት መቶ ፎቶ ይዞ የኪራይ ውል የሌለው ጥንድ ከአምስት ፎቶና ከአንድ ዓመት የባንክ መግለጫ ያነሰ ይታመናል። ጥርጣሬ ካለ መኮንኑ ሁለታችሁን ለየብቻ አስቀምጦ ይጠይቃል፦ ትናንት ማታ ምን በላችሁ፣ አልጋው ላይ በየትኛው በኩል ማን ይተኛል፣ አማትሽ የት ትኖራለች። ያልታወሰውን «አላስታውስም» ማለት ከመገመት ይሻላል። ቀኖቹንም ይጠንቀቁ፤ የ2008 ዓ.ም. ጋብቻን ያለ ማስተካከያ 2008 ብሎ መጻፍ በፋይሉ ላይ ሰባትና ስምንት ዓመት ያዛባል፤ ትርጉሙ ላይ የፈረንጁ ቀን 2015 ወይም 2016 መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ የባለቤትዎ ዘመድ እንዲያዘጋጀው አይፍቀዱ። መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሞላውም፣ ፎርም ሲሳሳት መዘዙ የሚደርሰው በፈረሙት በእናንተ ላይ ነው።

ካርዱ ሲመጣ ሌላ ቀን መቁጠር ይጀምራል። ካርዱ በሚጸድቅበት ዕለት ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የሐሰት ጋብቻን ለመከላከል የወጣ ሕግ ያመጣው ነው። የሚቆጠረው ከአዲሱ ጋብቻ ጀምሮ ስለሆነ እርስዎ በእርግጥ የሁለት ዓመቱን ይወስዳሉ ብለው ይዘጋጁ። ካርዱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሁለት ዓመቱን ገደብ ለማስነሣት የሚሞላውን አይ-751 የተባለ ቅጽ ከባለቤትዎ ጋር ካላስገቡ ነዋሪነቱ ይጠፋል። እግዚአብሔር አያድርገውና ትዳሩ ቢፈርስ፣ ባል ቢሞት ወይም ቤት ውስጥ ጥቃት ቢደርስብዎ፣ ብቻዎን የሚያስገቡበት መንገድ አለ። «ካልታዘዝሽ ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ» የሚል ባል ይህን አያውቅም፤ እርስዎ ግን ይወቁ። ከዜጋው ጋር እየኖሩ ሦስት ዓመት ቋሚ ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ።

የእናትዎን ጉዳይ በመጨረሻ ያስቀመጥሁት መልሱ ደስ ስለማያሰኝ ነው። አሁን አይሄዱም። ማመልከቻው ገብቶ ሳያልቅ ያለ ፈቃድ ከወጡ እንደተውት ይቆጠራል፤ ከዚያም ላይ የአሥር ዓመቱ እገዳ ይጀምራል። በአይ-131 የቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ አግኝቶ መጓዝ ይቻላል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በዚህ ፈቃድ የወጣ ሰው እገዳው እንደማይነካው ወስኗል። ፈቃዱ ግን መልሶ ለመግባት ዋስትና አይሰጥም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሲመለሱ በዋሽንግተኑ ዳለስ ወይም በሌላ አየር ማረፊያ ያለው መኮንን ነው። ቪዛቸው ላለፈባቸው ሰዎች በአሁኑ ሰዓት ይህን አልመክርም፤ እናትዎ በሞት አፋፍ ላይ ካሉና ጠበቃዎ ፋይሉን አይቶ ከተስማማ ብቻ ያስቡበት። የሁለት ዓመቱ ካርድ እጅዎ ከገባ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ነዋሪ ይሄዳሉ፤ ከስድስት ወር በላይ ሳይቆዩ ይመለሱ።

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፦ የተዘጋጀውን ፎርም አስቀምጡ፤ የቪዛውን ፎርም ቅጂ ካለዎት ፈልጉ፤ በሜሪላንድ የቤተሰብና የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለቱንም የሚያውቅ ጠበቃ ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ለቀድሞ ባልዎም በስምምነት ለመፋታት ፈቃደኛ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ይላኩ።